ሐኪሙ ይመልሳሉ፦ በልጅ ቆዳ ላይ የታየው የትልቅ ሰው ሕመም

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ ሥጋ ደዌ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ሦስቱ በቀጥታ ልጆችን የሚመለከቱ ናቸው። በዚህ እትም ሌላውን ሁሉ አቆይተን ለእነዚሁ ቦታ ሰጥተናል። የጠያቂዎችን ማንነት ላለመግለጽ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ትተናል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከርመዋል? ባለቤቴ በውስጥ እግሩ ያለው ቁስል አልድን ብሎት ሁለት ዓመት ሲንከራተት ቆይቶ፣ ባለፈው ጥቅምት ጤና ጣቢያ ሄዶ ሥጋ ደዌ ነው ተባለና መድኃኒት ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ እንቅልፍ የለኝም። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከግራ ክርኗ ከፍ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ፈዘዝ ያለች ምልክት አለባት። አታሳክካትም፣ አታማትም። ጎረቤቴ ጭርት ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት ብትቀባላትም ምንም ለውጥ የለም። በመርፌ ጫፍ ወጋ አድርጌ ልያት ወይ? ታናሽ ወንድሟ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ከአባቱ ጉያ ካልሆነ አይተኛም። ልለየው ወይ? — እናት፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ እመቤት፣ መርፌውን ይተዉት። ልጅቱ ትፈራለች፤ የፈራ ልጅ ደግሞ ሳይሰማው «ተሰማኝ»፣ ተሰምቶት «አልተሰማኝም» ይላል፤ ቁስልም ሊያመረቅዝ ይችላል። ምልክቷን ማስተዋልዎ ግን ትልቅ ነገር ነው። አባት መታመሙ በታወቀበት ቤት ውስጥ የማያሳክክና የማያም ፈዛዛ ምልክት ያለበት ልጅ ሳይመረመር ማደር የለበትም።

ጎረቤትዎ የተሳሳቱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ የሕክምና ባለሙያም በዚሁ ይሳሳታል። ጭርት ብዙ ጊዜ ያሳክካል፣ ጠርዙ ከፍ ይላል፣ ይቀረፈፋል። ቋቁቻም ስስ ቅርፊት አለው፤ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ለምጽ ደግሞ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ስሜቱ ግን ደኅና ነው። በዚህ ላይ የቋንቋ ጣጣ አለብን፦ በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ለምጽ» የተባለው በብዙዎች አእምሮ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተቆራኘ፣ ዛሬ የቆዳ ቀለሙ ብቻ የጠፋበት ሰው ያለ ጥፋቱ ሲገለል፣ እውነተኛው የሥጋ ደዌ ምልክት ግን «ነጭ አይደለምና ምንም አይደለም» ተብሎ ይታለፋል። የሥጋ ደዌ ምልክት ወተት አይመስልም። ከአካባቢው ቆዳ ትንሽ ፈዘዝ ይላል ወይም ወደ መዳብ ቀለም ያደላል፤ ብዙ ጊዜ ላይዋ ደረቅ ነው፣ ላብ አያወጣም፣ ጠጉሩም ይሳሳል። ዋናው መለያው የስሜት መቀነስ ነው።

ምርመራው ምን እንደሚመስል ልንገርዎ፤ እርስዎም ልጅቱም ሳትፈሩ እንድትሄዱ። ባለሙያው ልጅቱን በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ወይም ከደጅ ጥላ ሥር፣ ልብሷን አውልቃ መላ አካሏን ያያታል። መቀመጫ፣ ጀርባና ጭን የግድ መታየት አለባቸው፤ ልጆች ላይ ምልክቱ በልብስ የሚሸፈንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚያ ጥጥ ጫፉን አሹሎ፣ በመጀመሪያ ዓይኗን ሳትጨፍን ጤነኛ ቆዳዋን ይነካና «ጥጡ ሲነካሽ ቦታውን በጣትሽ አሳዪኝ» ይላታል። ጨዋታው ሲገባት ዓይኗን ትጨፍናለች። ደኅና ቆዳ ላይ ሲነኳት ወዲያው ጣቷ ይደርሳል፤ ምልክቷ ላይ ሲነኳት ግን ዝም ብላ ትጠብቃለች። ይህን ዝምታ አንድ ጊዜ ያየ ሐኪም አይረሳውም። ቀጥሎ የክርኗን የውስጥ ጉድጓድ ይዳብሳል፤ እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ከሌላው እጅ ጋር ሲነጻጸር እንደ ተገመደ ሲባጎ ወፍሮ እንደሆነ ይመለከታል። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የስሜት ምርመራው ብዙም አይታመንም፤ በእነርሱ ላይ ነርቭ መዳበስና በየጊዜው ደግሞ ማየት ይበልጣል።

ምርመራው ሥጋ ደዌ መሆኑን ካረጋገጠ፣ ሕክምናው ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉ ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ የሚሰጡበት ሲሆን፣ ምልክቱ አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ ስድስት ወር፣ ከዚያ ከበዛ ወይም ከቆዳ በሚወሰድ ናሙና በሽታውን የሚያመጣው ተህዋስ ከታየ አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል። ልጅዎ አሥር ዓመት ስላልሞላት መጠኑ በክብደቷ ነው የሚሰላው፤ ስለዚህ ከአባቷ የመድኃኒት ማሸጊያ ቆርሶ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። በወር አንዴ የሚሰጠውን መጠን በባለሙያው ፊት ትውጣለች፣ የቀረውን በቤት እርስዎ ይሰጧታል። በዚያ ቀን ሽንቷ ቀይ ሆኖ ሲወጣ እንዳትደነግጡ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ ደም አይደለም። ክሎፋዚሚን ደግሞ ቆዳዋን ቀስ በቀስ ያጠቁረዋል፤ ሴት ልጅ ናትና ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። በመካከል ምልክቷ ድንገት ቀልቶ ካበጠ፣ ነርቯ ካመማት ወይም እጇ ከደከመ፣ መድኃኒቱ ከበዳት ብለው አያቋርጡ፤ የሰውነት መከላከያ ከሞተው ተህዋስ ጋር የሚያደርገው ግብግብ ነው። በዚያው ቀን ይዘዋት ይሂዱ፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የነርቩን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት በቶሎ ከተጀመረ ነርቩ ይተርፋል።

ትንሹን ልጅዎን ከአባቱ አይለዩት። መድኃኒት የጀመረ ሰው ከመጀመሪያዎቹ መጠኖች በኋላ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ አደጋው የነበረው ቁስሉ ሳይታወቅ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ነው። የሚያስፈልገው ትንሹም፣ እርስዎም፣ በዚያ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሁሉ መመርመሩ ነው። ጤነኛ ሆኖ ለተገኘና ሁለት ዓመት ለሞላው የቤተሰብ አባል አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን በሽታው እንዳይነሳ ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የደገፈው ሲሆን፣ በባንግላዴሽ በተደረገው ሰፊ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሽታ የመያዝን ዕድል ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ከመሰጠቱ በፊት የሥጋ ደዌም የሳንባ ነቀርሳም ምልክት አለመኖሩ መጣራት አለበት። ጤና ጣቢያዎን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ባይኖር እንኳ ምርመራውን ማንም ሊከለክልዎ አይችልም። ምንም ባይገኝባቸውም ልጆቹን በዓመት አንዴ ለጥቂት ዓመታት ያሳዩዋቸው። ለምን «ለጥቂት ዓመታት» እንዳልኩ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ በአርሲ የገጠር ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪዬ የቀኝ እጁ ትንሿና የቀለበት ጣቱ ታጥፈው ቀርተዋል፤ እስክርቢቶ ይወድቅበታል። ባለፈው ሳምንት በቆሎ ሲጠብስ የጣቶቹን ጫፍ አቃጥሎ ሳያውቀው ውሃ ቋጥሮ መጣ። ልጆቹ አብረውት መቀመጥ እምቢ አሉ። ርዕሰ መምህሩ የሐኪም ወረቀት እስኪያመጣ ከቤት ይቆይ ብለዋል። ተገቢ ነው ወይ?

መልስ፦ መምህር፣ ተገቢ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ሁለቱ አይጋጩም። እርስዎ የገለጹት የታጠፉ ጣቶች በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ የቃጠሎውም ነገር የስሜቱን መጥፋት ይናገራል። ሌሎች የነርቭ ሕመሞችም ይህን ሊያመጡ ይችላሉና ምርመራው ይወስን። ሥጋ ደዌ ከሆነ ግን በዓይን የሚታይ የአካል ጉዳት ስለደረሰበት በአካል ጉዳት መለኪያው በሁለተኛው፣ በከባዱ ደረጃ ይመደባል፤ ይህም በሽታው ሳይታወቅ ረጅም ጊዜ ቆይቷል ማለት ነው። የነርቩ ድካም የመጣው በቅርቡ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከሆነ፣ በፕሬድኒሶሎን ብዙው ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ነው «ወረቀት እስኪያመጣ» ብሎ ቤት ማስቀመጥ የሚያስቆጣኝ፤ ልጁ ቤት የሚቀመጥባቸው ሳምንታት ቢታከም ኖሮ ጣቱ ሊድንባቸው ይችሉ የነበሩ ሳምንታት ናቸው። የቆየ ከሆነም ተስፋ የለም ማለት አይደለም። ጣት የሚያቃና የጅማት ማዛወር ቀዶ ሕክምና አለ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ለዓመታት የሚታወቀው በዚህ ነው።

እስከዚያው እርስዎ ማድረግ የሚችሉት አለ። ብዕሩን በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩለት። ትኩስ ነገር በባዶ እጁ እንዳይነካ፣ ማታ ማታ እጁን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ቅባት እንዲቀባና ቁስል መኖሩን በዓይኑ እንዲፈትሽ ያስተምሩት፤ የማይሰማው እጅ በዓይን ነው የሚጠበቀው። በክፍል ውስጥ አጠገቡ ለሚቀመጡት ደግሞ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ከመቶ ሰው ወደ ዘጠና አምስቱ በተፈጥሮው በሽታውን ይቋቋማል፤ የሚተላለፈውም መድኃኒት ካልጀመረና ብዙ ተህዋስ ካለበት ሰው አፍንጫና አፍ በሚወጣ እርጥበት፣ ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር እንጂ በወንበር፣ በመጽሐፍ ወይም በመጨባበጥ አይደለም።

ልጆቹን አይቆጧቸው። የሚናገሩትን ከእኛው ነው የሰሙት። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት እኛ ለሌላ ነገር እያልን ስንጠቅሰው ልጅ በቀጥታው ይሰማዋል። ተረቱ በሕክምናም ስሕተት ነው፦ ጣቱ የተቆረጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተህዋሱ ከሰውነቱ ከጠፋ የቆየ፣ የቀረበት የነርቩ ጉዳት ብቻ የሆነ ሰው ነው፤ ከእርሱ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት የሚያመጣው ነገር የለም። ሊያስተላልፍ የሚችለው ጣቶቹ ሙሉ የሆኑ፣ ጆሮው ትንሽ ወፈር ያለ፣ ማንም የማይጠረጥረው ሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁን ሲልኩ ብቻውን አይላኩት። ወላጆቹ፣ አያቶቹ፣ ቤት የሚኖረው አጎት ሁሉ እንዲታዩ ይንገሩ፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱን ታውቀዋለች።

ጥያቄ፦ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። ኢትዮጵያ ሥጋ ደዌን «አስወግዳለች» ሲባል አደግሁ። ታዲያ በቅርብ ዓመታትም ሕፃናት መታመማቸውን ስሰማ ግራ ገባኝ። በልጆች ላይ ያለው ሥርጭት ስለ አንድ አገር ምን ይነግረናል? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁና ትንሽ ላስረዝምበት። «ማስወገድ» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተን። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያስቀመጠው ግብ በሽታው ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች በመዝገብ ላይ የሚገኝበት ደረጃ መድረስ ነበር። ዓለም በጠቅላላው በ2000፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በአገር ደረጃ አንድ ዓመት ቀድማ በ1999 ደረሰች። ቁጥሩን ልብ ይበሉ፦ የሚቆጠረው በዚያ ዕለት በመድኃኒት ላይ ያለ ሰው ነው። ቀድሞ በዳፕሶን ብቻ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን ይታከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒቶቹን ቅንጅት ካጸደቀ በኋላ ሕክምናው ሁለት ዓመት፣ ቆይቶም እንደ ሕመሙ ዓይነት አንድ ዓመት ወይም ስድስት ወር ሆነ። ሕክምናው ባጠረ መጠን ስሞች ከመዝገብ ቶሎ ይሰረዛሉ፤ አዲስ የሚታመመው ሰው ቁጥር ባይቀንስም እንኳ መዝገቡ ይቀጥናል። መድኃኒቱ ሰዎችን በእርግጥ አድኗል፤ ነገር ግን የመዝገቡን መቅጠን የበሽታውን መቅጠን አድርገን አነበብነው።

በአገራችን በየዓመቱ ወደ 3,000 የሚጠጋ አዲስ ሕመምተኛ ሲመዘገብ ቆይቷል፤ አብዛኛው በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ነው። ከእነዚህ ከአሥሩ አንድ ገደማ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ከተመዘገቡት 182,815 አዳዲስ ሕሙማን ሕፃናቱ 10,322 ነበሩ፤ ከመቶ ስድስት አይሞሉም።

ይህ ድርሻ ለምን ትልቅ ዋጋ አለው? ተህዋሱ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከተያዘበት ቀን እስከ ምልክቱ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴ ሃያና ከዚያም በላይ ያልፋል። የሃምሳ ዓመት ገበሬ ዛሬ ቢታመም በሽታውን ያገኘው በደርግ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዛሬው መንደር ብዙ አይነግረንም። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ከሰባት ዓመት በፊት አልነበረም። እርሱ ከታመመ፣ በነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ በቅርቡ አንድ ያልታከመ ሰው ነበረ፤ ምናልባትም አሁንም አለ። ልጅን የመረመረ ሐኪም በትክክል የሚመረምረው በዚያ ቤት ወይም ጎረቤት ያለውን፣ ያልመጣውን ትልቅ ሰው ነው።

የዕድሜውም ሥርጭት ከዚሁ ይመነጫል። ከሁለት ዓመት በታች ብርቅ ነው፤ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ያሉት ይበዛሉ። ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው አንድ ሁለት ምልክት ብቻ ያለው ቀለል ያለ ዓይነት ቢሆንም፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ምልክትና የወፈረ ነርቭ ይዘው የሚመጡ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ይህ የልጁ ሰውነት የተለየ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። አንዷ ምልክት የማያም፣ የማያሳክክ፣ እረኝነትንም ትምህርትንም የማያስቀር ነገር ናት፤ ማንም እርሷን ብሎ ግማሽ ቀን አይሄድም። ሆስፒታል የሚደርሰው የባሰበት ነው። ቀላሉን ዓይነት ማየት ከፈለጉ ትምህርት ቤት ሄደው ሸሚዝ ማስወለቅ አለብዎት።

ከዚህ የሚከተለውን ማስጠንቀቂያ ለተማሪ ነውና አጠንክሬ ልናገር። የሕፃናት ድርሻ ዝቅ አለ ማለት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። አንድ ወረዳ ዘንድሮ አንድም ሕፃን አልመዘገበም ቢሉዎ፣ ቀጥለው የሚጠይቁት «ከአዋቂዎቹ ስንቱ አካሉ ተጎድቶ መጣ?» የሚለውን ይሁን። አዋቂዎቹ ጣታቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸው አልከደን ብሎ ዘግይተው የሚመጡ ከሆነ፣ በእነዚያ የዘገዩ ዓመታት አብረዋቸው ያደሩ ልጆች መኖራቸው አይቀርም፤ ዜሮው የሚነግረን ማንም እንዳልፈለጋቸው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው ነው የሚነበቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 በዘረጋው ዕቅድ በልጆች ላይ አዲስ የሚታየውን በ90 በመቶ ለመቀነስ ሲያልም፣ ያለ ቤት ለቤት ፍለጋ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይወርድ እሰጋለሁ።

በ«ማስወገዱ» ማግስት የደረሰውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሥጋ ደዌን ለብቻው የሚከታተሉ ባለሙያዎች ጡረታ ወጡ፤ ሥራው ከአጠቃላይ ጤና አገልግሎት ጋር መቀላቀሉ መገለልን ለመቀነስ መልካም ቢሆንም፣ ዛሬ የሚመረቀው ወጣት ሐኪም አንድም የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። ለተለማማጆች የማስተምረው አጭር ነው፦ ልጅ ይዞ የመጣውን ምልክት ሁሉ ቅባት ከማዘዛችሁ በፊት በጥጥ ንኩት። አሥር ሰከንድ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ ከብዙ ዓመት በፊት ታክመው የዳኑና ዘነበወርቅ አካባቢ የሚኖሩ ናቸው። እኔ የተወለድኩት ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። በቅርቡ ሽማግሌ ሊላክ ሲል የእጮኛዬ ቤተሰቦች «በዘር ይወርዳል» ብለው አመነቱ። የምወልደው ልጅ ያገኘው ይሆን? — እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ሥጋ ደዌ በዘር አይወርድም። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ተህዋሱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ በአገራችንም ስሙን የያዘው አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከወላጆችዎ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ በአለርት ግቢ ውስጥ ይገኛል። በአንድ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ሰው ሲታመም የዘር የሚመስለው አብረው ስለሚያድሩ ነው። እርስዎ የተወለዱት ወላጆችዎ ታክመው ከጨረሱ በኋላ ከሆነ፣ ከእነርሱ የሚያገኙት ተህዋስ አልነበረም፤ የሚወልዱት ልጅም ከማንኛውም የሰፈሩ ልጅ የተለየ ሥጋት የለበትም። ሲወለድ እንደማንኛውም ሕፃን የቢሲጂ ክትባቱን ያስከትቡት፤ ክትባቱ ለሳንባ ነቀርሳ ተብሎ ቢሰጥም ከሥጋ ደዌም በመጠኑ ይከላከላል። ለሽማግሌዎቹ የጤና ማስረጃ ወረቀት ይዤ ልቅረብ ወይ ብለው በደብዳቤዎ መጨረሻ የጠየቁኝን ግን አልመክርዎትም። ቤተሰቡ መረዳት ከፈለገ እጮኛዎና አባቱ በማንኛውም የሥራ ቀን ወደ ቆዳ ክሊኒክ መጥተው ይጠይቁ፤ የሚጠየቀው ሐኪም ነው፣ እርስዎ አይደሉም።